«ይቅር» የሌለበት ቅጽ

ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ባለው ቢሯችን ስምንት ወር ሙሉ ተሰብስበን የሠራነው አንድ ቅጽ ነበር። ሹማምንት ከመወሰናቸው በፊት ጥናት እንዲያገላብጡ ያደርጋል የተባለ፣ አሥራ ሁለት ጥያቄ ያለው ቅጽ። እኛ «መሣሪያ» እንለዋለን። መዶሻም መሣሪያ ነው፤ መዶሻ ግን ቢያንስ ሚስማር ይመታል።

መጀመሪያ የተሞከረው ኢስትሊ ያለችውን ትንሽ የእናቶች ክሊኒክ ዘግቶ ከሩቅ ሆስፒታል ጋር ለመጠቅለል በታሰበው እቅድ ላይ ነበር። ክሊኒኳን አውቃታለሁ። እዚያው ሰፈር ጨርቅ የምትሸጥልኝ ደንበኛዬ፣ የሞያሌ ሴት፣ እርጉዝ ነበረች፤ የደም ግፊቷ ከፍ ስለሚል በየሐሙሱ እዚያ ትለካለች።

ሥልጠናውን እንደ ልማዳችን ሆቴል ውስጥ ሰጠን። አጠገቤ የተቀመጡት የጤና ሹም ቅጹን ከታች ጀመሩ። የመጨረሻው ሳጥን ውስጥ «ይዘጋ» ብለው ጻፉና ወደ ላይ እየወጡ ማስረጃ ይፈልጉለት ጀመር። ለሻይ ስንነሳ አሥራ ሁለቱም ሳጥን ተሞልቶ አረንጓዴ ምልክት አግኝቷል።

«ከታች እኮ አይጀመርም» አልኳቸው።

«ውሳኔውን ሳላውቅ ምን ማስረጃ ልፈልግ?» አሉኝ፣ ሳምቡሳቸውን እያነሱ።

ቅዳሜ ለደንበኛዬ ይህንን እንደ ቀልድ አወራኋት። እሷ ግን አልሳቀችም።

«እህቴ፣ ሆስፒታሉ እኮ ሁለት ማታቱ ታክሲ ተሳፍሮ ነው። ፎሌኒው ላይ፣ ሰልፉ ላይ ስቆም እግሬ ያብጣል» አለችኝ። ቀጥላም፣ «አንቺ በሠራሽው ወረቀት ላይ ‹ይቅር› የሚለው የቱ ጋ ነው?»

ስልኬን አውጥቼ ቅጹን ከፈትኩ። ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ፤ የለም። ጥያቄዎቹ ሁሉ ውሳኔውን የሚደግፈው ጥናት የቱ ነው፣ ምን ያህል ጠንካራ ነው የሚሉ ናቸው። የሚቃወም ጥናት አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንድ እንኳ የለም። አምስቱን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ዲግሪ ተሸክመን፣ ስምንት ወር ሙሉ ማናችንም ልብ አላልነውም። ሹሙማ ምን አጠፉ? ቅጹን የሞሉት እንደ አሠራሩ ነው። አፈርኩ፤ እፍረቴንም ጨርቅ በመምረጥ ሸፈንኩት።

ሰኞ አንድ ጥያቄ እንጨምር ብዬ አለቃዬን ጠየቅኩ። «ታትሟል እኮ» አለኝ። እኔም «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

በወሩ ክሊኒኳ ተዘጋች። ለለጋሾቹ የሚላከውን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «መሣሪያው በተሳካ ሁኔታ ሥራ ላይ ውሏል» ይላል። ሪፖርቱን በላክሁ ማግሥት ሐሙስ ነበር። ኢስትሊ ብሄድ ሱቋ ተዘግቷል። የጎረቤቷ ባለሱቅ፣ ሆስፒታል ልትሰለፍ ገና በጠዋት ወጥታለች አለኝ።