ያልተቆጠረው ኮከብ

የታሰርኩት ስብሰባ ላይ በመናገሬ ነው። ሹማምንቱ ስለ ማዳበሪያ ሲያወሩ የተሳሳቱትን አረምኳቸው፤ ማረም ልማዴ ነው። የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ ከዳዊት እስከ ዘመን መቁጠሪያው ባሕረ ሐሳብ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በመንዝ ምድር የእኔን ያህል ያነበበ ገበሬ ካለ ይምጣ።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። የገብስ ሽታው ከግድግዳው አልወጣም። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ነው። ጥግ ላይ አንድ ወጣት ጉልበቱን አቅፎ በብርድ ይንቀጠቀጣል። የበግ ጠጉር ባናዬን አካፈልኩት፤ ገበሬ ብሆንም ባሕረ ሐሳብ እንደማውቅ ነገርኩት።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ቴሌስኮፕ ይዤ ተገኘሁ። የኮከብ ማያ ነው ብላቸው፣ የመሣሪያ ማነጣጠሪያ ነው ብለው ከአውቶቡስ አወረዱኝ።»

መሐል ሜዳ ከተማ ላሉ ተማሪዎች ሊያሳይ ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ ተውሶት ነው። ፊዚክስ ጨርሷል። ሰኞ አዲስ አበባ ላይ የአስትሮኖሚ ሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና አለበት። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር።

«ኮከብ ተምረህ ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

ጥያቄው እንደሰለቸው ፊቱ ነገረኝ። አባቱም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

«የሳተላይት ምስል የሚያነብ ሰው ይፈለጋል፤ ለካርታ፣ ለአየር ጠባይ። ዩኒቨርሲቲ ማስተማርም አለ። ብዙ ቁጥር በኮምፒውተር መተንተን ስለምንማር ባንክም ይቀጥረናል። እኔ የምፈልገው ግን ምርምሩን ነው።»

«ባንክ ከቀጠረህ ሰማይ ላይ ምን አንጠራራህ?»

«እርስዎስ አባባ፣ ገብስ እያረሱ ባሕረ ሐሳብ ምን አደረገልዎት?»

ባናውን ወደ እኔ ሳብ አደረግኩ። እንዲህ የሚመልስልኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ኃላፊ ወንበር አስይዞ ገባ። ወጣቱ ፊት ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንተ ኮከብ ቆጣሪ፣ ሹመት ጠይቄ ዘግይቶብኛል። ስሜን እነግርሃለሁ፣ የእናቴንም ስም እነግርሃለሁ። ቁጠርና ይሆናል አይሆንም በለኝ። ዛሬውኑ ዕቃህን ይዘህ ትሄዳለህ።»

በአገራችን የሰው ኮከብ የሚወጣው ከራሱና ከእናቱ ስም ፊደላት ነው። ይህን ስሌት ፍለጋ ከግሼ ድረስ ወደ እኔ ይመጡ ነበር።

«ጌታዬ፣ እኔ የተማርኩት ያንን አይደለም» አለ ልጁ። «ከዋክብት ከምን እንደተሠሩ ነው የተማርኩት። የሰው ሹመት አያውቁም።»

ኃላፊው ሳቀ። «ይህን ካላወቅህ ዲግሪውን ምን ብለው ሰጡህ?»

ወደ ልጁ ጆሮ ጠጋ አልኩ። «ስሌቱን እኔ እነግርሃለሁ፤ አንተ ድገመው። ለሰኞ ትደርሳለህ።»

«አይሆንም አባባ። ሳይንሱን ከኮከብ ቆጠራ ለመለየት ነው የተማርኩት።»

ግትርነቱ አንገበገበኝ። አንድ ቃል ቢናገር ፈተናው ላይ ይቀመጥ ነበር።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «አባት፣ እርስዎም እንደሚችሉ ሰምቻለሁ። ይቁጠሩልኝና ወደ ቤትዎ ይሂዱ።» ስሙንና የእናቱን ስም ነገረኝ።

ስሞቹን እንደጠራ ኮከቡ በአእምሮዬ ወጥቷል፤ ፈጣን ነኝ። ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም። የባናውን ጫፍ ብቻ ይዟል።

«አላውቅም» አልኩ።

ይህች ቃል ከዚያ በፊት ከአፌ ወጥታ አታውቅም። ኃላፊው ወንበሩን አስነሥቶ ወጣ። በሩ ተቆለፈ። ሰኞም እዚያው እያለን አለፈ።

በኋላ ያለ አንዳች ማብራሪያ ለቀቁን። ቴሌስኮፑን መስታወቱ ተሰንጥቆ መለሱለት። ልጁ ዛሬ ሞላሌ ከተማ ፊዚክስ ያስተምራል። ለሁለተኛ ዲግሪው በየዓመቱ ያመለክታል፤ አንዴ በጀት የለም፣ አንዴ ቦታው ሞላ ይሉታል። ሲነግረኝ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ኮከብ የሚያስቆጥሩ ሰዎች የእናታቸውን ስም ይዘው አሁንም ደጄ ይመጣሉ። አላውቅም ብዬ እመልሳቸዋለሁ። አያምኑኝም። አልፈርድባቸውም፤ እኔን የሚያውቅ ሰው ይህን እንዴት ብሎ ያምናል?