ለፊት ያልታዘዘ ቅባት

ዛሬ ጠዋት ጥርሴን በእከክ ቅባት ፈተግሁት። መነጽሬን ሳላደርግ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ያገኘሁትን ቱቦ ብሩሽ ላይ ጨመቅሁና፣ መፋቂያ ትቼ ዘመናዊ መሆኔን እያደነቅሁ ስፈትግ ምራቴ ደረሰችብኝ።

«ኧረ አባባ! እሱ እኮ የእግርዎ ነው!»

«ጥርሴም አሳክኮኝ ነው» አልኳት።

«ያሉዎት ሦስት! የትኛው ነው ያሳከከዎት?»

እሷ ወገቧን ይዛ ሳቀች። እኔም ልስቅ ጀምሬ ነበር፤ ቱቦውን ሳየው ግን ተውሁት።

ዓምና ባቴ ላይ ሽፍታ ወጥቶብኝ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ነበር። ወጣቷ ሐኪም ይህንኑ ዓይነት ቅባት አዘዘችልኝ። «ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት ያለበት ነው። ስስ አድርገው፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ። ፊትዎን እንዳይቀቡት፤ ለሌላ ሰውም እንዳይሰጡ» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ራስ በመነቅነቅ ማን ይቀድመኛል! በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ለቀቀኝና ባለመድኃኒት ሆኜ አረፍሁ።

ክርስትና ያነሳኋት ልጅ ጅጋ አግብታለች። ለፋሲካ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ጉንጯ ላይ ክብ ጭርት አየሁ። የክርስትና አባት የሰጠውን መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እኔም ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። የመጀመሪያዋን ቅባት በአውራ ጣቴ ራሴ ቀባኋት፤ ሜሮን የምቀባ ይመስል። ከታዘዙልኝ ሁለት ቱቦዎችም አንዱን አስያዝኳት።

በሳምንቱ ስልክ ደወለች። «አባቴ፣ እጅዎ ይባረክ! ጠፋ እኮ!»

እሑድ ሰንበቴ ላይ ይህንኑ ሳወራ ጠላዬ እስኪሞቅ ድረስ ረሳሁት።

ክረምቱ ሲወጣ እንደገና መጣች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ። ቅባቱን ስትተው እየባሰባት፣ ባዶውን ቱቦ አሳይታ ቡሬ ካለ ሱቅ ሌላ ትገዛ ኖሯል። ጭርቱ ግንባሯና አገጯ ላይ ተዛምቷል። ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ቀያይ የደም ሥር እንደ ክር ይታይበታል።

«አማቴ መጠጫዬን ለየችብኝ» አለች። «ክፉ በሽታ ነው ትላለች። ወደ እናቷ ቤት ትመለስ እያለች ባሌን ታስጨንቀዋለች።»

ይዣት ፍኖተ ሰላም፣ ወደዚያችው ሐኪም ሄድኩ።

«ይህን ቅባት ማን ሰጠሽ?» አለች ሐኪሟ፣ ልጅቷ ያሳየቻትን ቱቦ እያገላበጠች።

እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብ ጀመርኩ። መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነው። ሽምግልና በተቀመጥኩ ቁጥር በሰው ጥፋት ላይ አፌ የማያርፍ ሰውዬ!

«ቡሬ ከሱቅ ገዛሁት» አለች ልጅቷ።

«ጭርት ፈንገስ ነው» አለች ሐኪሟ። «ይህ ቅባት መቅላቱን እየደበቀ ፈንገሱን ያስፋፋዋል፤ ቆዳውንም ያሳሳል። አሁን ታቆሚዋለሽ። መጀመሪያ ይቀላብሻል፤ ደንግጠሽ እንዳትመለሺበት። የፈንገሱን መድኃኒት ግን እስኪያልቅ ውሰጂ። ፎጣና ትራስ ከሰው አትጋሪ። በመጠጫ አይተላለፍም።»

ስንወጣ «ለምን ሸሸግሽኝ?» አልኳት።

«ታዲያ የክርስትና አባት ይከሰሳል?» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መድኃኒቱን ጨርሳ ጭርቱ ለቀቃት። የደም ሥሩ ግን ዛሬም ይታያል፤ ሐኪሟ ቀስ እያለ ሊቀንስ ይችላል ብላለች። አማትየዋ የሚያዩት ያንን ነው። ባለፈው ቅዳሜ እውነቱን ልነግራቸው ቆርጬ ጅጋ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ፦

«ይግቡ፣ ይግቡ! እርስዎ ባይኖሩ ይህችን ልጅ ማን ለሐኪም ያደርሳት ነበር? አባት ማለት እንደ እርስዎ ነው!»

ለእኔ በንጹሕ ብርጭቆ ጠላ ቀዱልኝ። ለልጅቷ ከጓዳ ጥግ ለብቻው የተቀመጠ፣ እጀታው ላይ ክር የታሰረበት ጣሳ አወጡ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። አፌን ከፈትኩ።

«ጠላው ግሩም ነው» አልኩ።

እናንተ የማታውቁኝ ናችሁና ይህን ለመጻፍ ብዙ አልተቸገርኩም። ለዚያች ልጅ ያለብኝ ግን አማቷ ፊት የሚነገር አራት ቃል ነው፤ «ቅባቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ»። እስካሁን አልከፈልኩም።