ሳይለካ የተነበበው ውሃ

ያን ፕሮግራም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የውሃ ጣቢያ እሠራ ነበር። ፕሮግራሙ በየሰዓቱ መለኪያውን ይጠራል፤ መለኪያው በታንከሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ልክ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጣል፤ ፕሮግራሙ ከዚያ አንብቦ ስክሪን ላይ ያሳያል። ለሚጎበኙን ባለሥልጣናት ፈጠን ብሎ እንዲታይ ብዬ፣ የጻፍሁትን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚቀይረውን ኮምፓይለር በራስህ መንገድ አፍጥነው አልሁት። ማን አዘዘኝ?

ፓምፑን የሚያንቀሳቅሱት አዛውንት ግን የሚያምኑት የቀርከሃ ዘንጋቸውን ነበር። አንድ ጠዋት ዘንጉን ታንከሩ ውስጥ ከተቱና ውሃው ሊፈስ መድረሱን ሲያዩ ፓምፑን አጠፉት። ስክሪኑ ደግሞ ገና ግማሽ ነው ይላል። የጣቢያው ሊቀመንበር ስክሪኑን አየና "አሻጥር ነው!" አለ። በዚያ ዘመን ያች ቃል ሰው ታስበላ ነበር።

"ኧረ ጌታው፣ ይኸ የሚያወራው የቅድሙን ነው እንጂ የአሁኑን አይደለም። ዘንጉን እዩት፣ እርጥቡ ያውና!" አሉ አዛውንቱ።

"ማሽን አይዋሽም፣ ጓድ" አላቸው።

እኔም አጠገባቸው ቆሜ አልሰማኋቸውም። የተማርሁ ነኛ!

ከሦስት ቀን በኋላ ኮምፓይለሩ ያወጣውን ኮድ መስመር በመስመር ሳየው ደሜ ፈላ። ንባቡን ከጥሪው በፊት አምጥቶታል። ጥሪው ሜሞሪውን አይነካም ብሎ ገምቶ፣ መጀመሪያ ያለፈውን ሰዓት ቁጥር ያነሳል፤ መለኪያውን የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ እንዲገምት የፈቀድሁለት ራሴ ነኝ። ፈቃዱን አነሳሁና ስክሪኑና ዘንጉ በዚያው ቀን ተስማሙ።

ኮዱ የታተመበትን ወረቀት ይዤ ሊቀመንበሩ ቢሮ ሮጥሁ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አልሁት። ቀና ብሎም አላየኝ።

"ሰውዬው ትናንት ግለሂስ አድርጓል። ዓይኔ አታለለኝ ብሎ ፈርሟል፤ ፋይሉ ተዘግቷል። ላንተ ሌላ ልክፈትልህ?"

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። በእሱ ተናደድሁ፣ በኮምፓይለሩ ተናደድሁ፣ ከሁሉ በላይ በዝምታዬ ተናደድሁ፤ ግን በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

አዛውንቱን ከፓምፑ አንስተው የበር ጥበቃ አደረጓቸው። በወሩ ስብሰባ ተጠራና ማሽኑ በትክክል ስለሠራ "ምስጉን ሠራተኛ" የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም እጄን ዘርግቼ ተቀበልሁ።

ስወጣ በሩን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። ባርኔጣቸውን አነሱና "እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጄ" አሉኝ። ከልባቸው ነበር።