ሰርግ ላይ ጥይት ይቅር ያለች አዝማሪ

ማናለብሽ የሞላሌ አዝማሪ ነበረች። ባሏ ቅጣው ማሲንቆውን ሲገዘግዝ፣ እሷ በሽለላ የጎበዙን ሁሉ ደም ታፈላ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሚሊሻው ሁሉ ጠመንጃ ስለታጠቀ ያለ ተኩስ የሚያልፍ ሰርግ አልነበረም። አንድ ጥር ግን ሽቅብ ተተኩሶ የተመለሰ ጥይት ከበሮ መቺዋን እህቷን አሰጋሽን ትከሻዋ ላይ መታት። አሰጋሽ ከዚያ ወዲህ ከበሮ መምታት አልቻለችም።

በዓመቱ የሚሊሻው አዛዥ አቶ ኪዳነ ወልድ ወንድ ልጃቸውን ሲድሩ ጎረምሶቹ ጠመንጃቸውን አነሱ።

"በይ ሸልዪልን!" አሏት።

ማናለብሽ ከዳሱ መሀል ቆማ እንዲህ አወረደችው፦

"ሙሽራው ሲወጣ እልልታ ይሸኘው፤
ሽቅብ የሄደ እርሳስ ማንን ነው የሚያገኘው?"

 አቶ ኪዳነ ወልድ ብድግ ብለው "ምን አለች ይቺ? አብዮቱን ትጥቅ ልታስፈታ ነው?" አሉ።

"ጌታዬ፣ ትጥቁስ ለጠላት ይሁን። እኔ ለሙሽሮቹ ነው የለመንኩ" አለች።

ቅጣው ማሲንቆውን ሞቅ አደረገላት። ይኼኔ የሙሽራው እናት እልል አሉ፤ ሴቶቹ ግጥሙን ተቀበሉ፤ ዳሱ በጭብጨባ ተናወጠ! ሙሽራው እየሳቀ ጠመንጃውን ለአባቱ አስረከበ።

አቶ ኪዳነ ወልድ እንዳኮረፉ ዋሉ። አንዳንዱም "ወኔያችንን ልትሰልበው ነው" እያለ አማት። በገበያ ቀን ግን ልጃገረዶች ያንኑ ግጥም እየዘፈኑ ሲያልፉ ሰማች።

"ቅጣው! ስማ፣ የእኔ እኮ ነው!" ብላ እዚያው ገበያ መሀል እስክስታውን አስነካችው።