ቢጫ መዳፍ

ለጉልበቴ ሕመም ከኤስኲሊኖ ሰፈር ፋርማቺያ የገዛሁትን የእርድ እንክብል ስፈለቅቀው ሽታው የአክስቴን መዳፍ አመጣብኝ።

ልጅ ሳለሁ አክስቴ እትዬ አስካለ እዚሁ ሮም ተንበርክከው የሰው ደረጃ ያጥቡ ነበር። በሁዳዴ ይህን መሳይ እንክብል እየፈለቀቁ ዱቄቱን ብቻ ይልሱ ነበር፤ ሽፋኑ ከከብት አጥንት ስለሚሠራ ጾም ያስገድፋል ብለው።

«እትዬ፣ ይሻልዎታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

ቢጫ መዳፋቸውን አዩ። «ጉልበትስ የተሰጠኝ ለስግደት ነበር ልጄ። እኔ በሰው ደረጃ ላይ ጨረስኩት።»

ስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሲሰግድ እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ያለቅሱ ነበር።

አሁን ደረጃ የማጥበው እኔ ነኝ። ፋርማቺስታዋ «የዚህኛው ሽፋን ከዕፅዋት ነው» ብላኛለች። እኔ ግን ፈልቅቄ ላስኩት፤ መረረኝ።

ነገ ስቅለት ነው። የምደገፈውን ግድግዳ ከአሁኑ መርጫለሁ።