ቀለበት እያየች የምታሳልፍ

ይህን የክሊኒክ ቅጽ እስኪ እዩት። ሰባት ጥያቄ፣ ሰባት ሣጥን። ከስንት ሰው ጋር? በኮንዶም ነው ያለ ኮንዶም? ባልሽስ ሌላ አለችው? ሰባቱም ላይ "የለም" ተብሎ ምልክት ተደርጓል። ታካሚዋ ገና ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ነው የተሞላው። እንዴት ታወቀ አትበሉኝ፤ የሞላችው ራሷ ናት የነገረችኝ።

የክሊኒኩ መዝጋቢ ናት። ታካሚዎቹ "ባቡር" ይሏታል።

"ባቡር ዛሬ ገብታለች?"

"ገብታለች እናቴ፤ ቶሎ ካልተሳፈርሽ ጥላሽ ትሄዳለች።"

እሷም ትሰማና ትስቅ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በቀን ስድሳ ሰው፣ ከአንዲት ጠረጴዛ ኋላ። ዘዴዋ አንድ ነው፤ ፊት አታይም፣ ጣት ታያለች። ቀለበት ካለ "ባለትዳር ናት፤ አጋላጭ ነገር የለም" ትልና ሰባቱን ሣጥን በአንድ ትንፋሽ ትጨርሳለች። "የለም" የተባለ ቅጽ ደግሞ ወደ ደም ምርመራ አይላክም። ማን አስተማራት? ማንም። ማን ከለከላት? እሱንም ማንም! አለቃዋ ሰልፉ ማጠሩን እንጂ እንዴት እንዳጠረ ጠይቆ አያውቅም። ቫይረስ ቀለበት አይቶ ከደጅ የሚመለስ ይመስል!

አንድ ጠዋት አንዲት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር መጣች፤ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ ስድስት ወር ሰው አገር ከርሞ መመለሱ ነው።

"እህቴ፣ ባለቤቴ ከመጣ ወዲህ አንድ ነገር..." ብላ ጀመረች።

"በሰላም ተገላገይ! ቀጣይ!"

ልብስ ሰፊዋ አፏን እንደከፈተች ተነሣች።

ከሦስት ዓመት በኋላ ተመለሰች። የጉበት ቫይረስ ከባሏ ወደ እሷ፣ በወሊድ ደግሞ ከእሷ ወደ ልጇ አልፏል። ያኔ ደሟ ታይቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሕፃኑ እንደተወለደ በሚሰጥ ክትባት ሊተርፍ ይችል እንደነበር ሐኪሙ ነግሯታል። ቀለበቷን አወለቀችና ቅጹ ላይ አስቀመጠችው።

"ያኔ እኔን አልጠየቅሽኝም። በይ እሱን ጠይቂው" ብላ ወጣች።

ቀለበቱ እስከ ዛሬ የመዝጋቢዋ መሳቢያ ውስጥ ነው። እንዳትጥለው የሰው ነው፤ እንዳትመልሰው በምን ዓይኗ አይታት። መሳቢያው በተከፈተ ቁጥር ይንከባለላል። አንዳንዴ ሳይከፈትም ይንከባለላል ትላለች። "አበደች" የሚሏት አሉ። እኔ አልልም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው! እንደዚያ ተሞልቶላቸው የሄዱት ሴቶች ሁሉ ዛሬ የት ናቸው? መሳቢያው ይህን ነው የሚጠይቃት።

ባለፈው ሳምንት የገዛ ልጇ መጣች። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀለበቷ ገና አዲስ።

"እጅሽን ከጠረጴዛው ሥር አድርጊ" አለቻት።

"እማዬ ደግሞ! አሁን እኔን አታውቂኝም?"

"አላውቅሽም። ባልሽ ካንቺ ሌላ ሴት አለችው?"

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መሐል መንገድ ላይ ቀረ። ዓይኗ በሩ ላይ ወደተሰቀለው መጋረጃ ሄደ። ከመጋረጃው ማዶ፣ ሁለት እርምጃ ሳይሞላ፣ ተራ ጠባቂዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል።

"ሰው ይሰማል" አለች በሹክሹክታ።

ያን ጊዜ ነው እናት የገባት፤ ልብስ ሰፊዋም ሰው እየሰማት እዚሁ መጋረጃ ሥር ነበር አፏን የከፈተችው። ብድግ ብላ ወጣች።

"ተነሡ! አግዳሚውን ይዛችሁ ወደ ግቢው!"

"ምነው ልጄ፣ ሐዲዱ ተበላሸ?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"አዎ አባቴ፤ ድሮም የተበላሸ ነበር።"

ተመልሳ ተቀመጠች። ልጅቷ ቀስ እያለች፣ እያለቀሰች፣ ሁሉንም ተናገረች። እናት አላቋረጠቻትም። በዚያ ክሊኒክ ሰልፉ ግማሽ ሰዓት ሲቆም ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ቅጹ "አለ" ተብሎ ወደ ደም ምርመራ ሄደ። ውጤቱ ገና ነው። እናት መሳቢያውን እያዳመጠች ትጠብቃለች።

እናንተም ነገ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ትቀመጡ ይሆናል። ሳትጠየቁ ቅጹ ሲሞላ ካያችሁ፣ እባካችሁ አትነሡ። "ቀጣይ!" ቢሏችሁም አትነሡ። የጀመራችሁትን ነገር ጨርሱት።