በከሰል የተሳለው ሸለቆ

የያዙኝ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ ሸራዬን ዘርግቼ ቆላውን ስስል ነው። ሁለት የታጠቁ ሰዎች መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ሥዕሉ ያማራቸው መስሎኝ ነበር።

«ይሄ ምንድነው?» አለ አንደኛው፣ ከታች ያለችውን ግራጫ መስመር በጣቱ ነክቶ። ቀለሙ እርጥብ ስለነበር ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገው።

«አውሮፕላን ማረፊያው ነው።»

«ማን ሳል አለህ?»

ማንም አላለኝም። ግን ይህ እንደ መልስ አልተቆጠረልኝም።

ያስገቡኝ ክፍል መስኮት አልነበረውም፤ ብርሃን የሚገባው ከበሩ በላይ ካለች ቀዳዳ ነው። የላብና የረጠበ ብርድ ልብስ ሽታ ተቀበለኝ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ መጀመሪያ ያየሁት ሰዎቹን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ሸለቆ ተስሎበታል። በከሰል። ተራሮቹ እየራቁ ሲሄዱ ይደበዝዛሉ፤ ጭጋጉ ከሰሉን በመዳፍ በማሸት የተሠራ ነው። መሬቱ የቀዘቀዘ ሻይ ተቀብቶ ቀላ ብሏል። እኔ ያንን ጭጋግ በዘይት ቀለም አሥር ዓመት ስፈልገው ኖሬያለሁ።

«ማን ነው የሳለው?»

«አባባ ናቸው» አለኝ አንድ እስረኛ፣ ሶላታቸውን ጨርሰው ጥግ የተቀመጡትን ሽማግሌ እያሳየኝ። ከደጋው የመጡ ገበሬ ናቸው። ለምን እንደታሰሩ አልተነገራቸውም። ብሩሽ በእጃቸው ይዘው እንደማያውቁ ስሰማ ፊቴን ከሥዕሉ አዞርኩ።

ከሰዓት በኋላ እስረኞቹ ግድግዳው ሥር ይሰበሰባሉ። «አባባ፣ የእኛን ወንዝ ይጨምሩልን» ይሏቸዋል። ይጨምራሉ። አንዱ የወንዙን መታጠፊያ አይቶ አለቀሰ። በእኔ ሥዕል ፊት ያለቀሰ ሰው የለም። ደሴ ላይ ሥዕሎቼን ያሳየሁ ቀን ሰዉ ለስላሳውን ጠጥቶ ነው የሄደው።

በአምስተኛው ቀን አላስቻለኝም። «የቀኙ ተራራ ርቀቱን ስቷል» አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ። ውሸቴን ነበር።

ሽማግሌው ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አዩት። «ወላሂ ሳይሆን አይቀርም። የተማርከው አንተ ነህ ልጄ» አሉና ከሰሏን ዘረጉልኝ። «እንካ፣ አቅናልኝ።»

ተቀበልኳቸው። ግድግዳው ፊት ቆምኩ። የሚቃና ነገር አልነበረም። ምንም ሳልነካ መለስኩላቸው።

«አብሽር» አሉኝ፣ ያፈርኩት ስላቃተኝ መስሏቸው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አዛዡ ገባ። ግድግዳውን ሲያይ የሚቆጣ መስሎን ሁላችንም ተነሳን። እሱ ግን ወደ እኔ ዞረ። «ሠዓሊው አንተ ነህ አይደል? የግቢው አጥር ላይ እንዲህ ያለ ትስልልኛለህ። ቀን ቀን ውጭ ትውላለህ።»

ውጭ ማለት ፀሐይ ነው። ሽማግሌው አቀርቅረው መሬት መሬት ያያሉ። እሳቸው እንደማይናገሩ አውቃለሁ። «እሺ» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

«የእኔ አይደለም» አልኩ። «የእሳቸው ነው። እኔ እንዲህ አልችልም።»

የመጨረሻዋን ቃል ማንም አልጠየቀኝም።

በማግስቱ እሳቸው ወጡ። ሲመለሱ ፊታቸውን ፀሐይ መትቶት ነበር። በዚያም ቀናሁ።

ከተፈታሁ በኋላ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እስላለሁ፤ ሥዕሎቼም ገዢ አላጡም። ዓምና አገራቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። በሬዎቻቸውን ከቀንበር ሲፈቱ ደረስኩ።

«አሁንም ይስላሉ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ለምን ብዬ? እዚያ የሳልኩት አገሬ ናፍቆኝ ነው። አሁንማ ይኸውልህ» አሉ፣ በእጃቸው ወደ ተራራው እያመለከቱ።

እኔ ቀና ብዬ የጥላውን ቀለም በምን እንደማዋህደው ማስላት ጀመርኩ። እሳቸው ለተራራው ጀርባቸውን ሰጥተው በሬዎቹን ወደ ቤት ነዱ። እንደዚያን ዕለት ቀንቼባቸው አላውቅም።